ምትሃቱ ይብራራ ወይስ ይሸሸግ? ለተከታታይ ፊልም ደራሲዎች የንጽጽር መመሪያ

ጅማ ላይ ቡድን አቋቁመው ምትሃት ያለበት ተከታታይ ፊልም ለመሥራት ለሚነሡ ወጣቶች፣ ከካሜራ ኪራዩና ከመብራት መቆራረጡ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ገጸ ባሕሪዋ ያላት ኃይል ምን እንደሆነ እንናገር ወይስ ዝም እንበል? አንዱ “ተመልካች ካልገባው ይሰለቻል” ይላል። ሌላው “ከተብራራማ ምኑን ምትሃት ሆነ?” ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ክርክሩ የማያልቀው “ማብራራት” የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን ነው። አንደኛው የኃይሉ ወሰን ነው፤ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም። ሁለተኛው ዋጋው ነው፤ የተጠቀመበት ሰው ምን ያጣል። ሦስተኛው ምንጩ ነው፤ ከየት መጣ፣ ለምን ለእሷ ተሰጠ። ሦስቱን ለይቶ የተወያየ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ከሰዓት ይስማማል። ሳይለይ የተከራከረ ግን ወር ሙሉ ይነታረካል።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት ለእነዚህ አምስት ጥያቄዎች መልስ ጻፉ። ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ የመጀመሪያው ብቻውን ከአራቱ ይበልጣል።

*ኃይሉ የታሪኩን ዋና ችግር ይፈታል ወይ?* ገጸ ባሕሪዋ መጨረሻ ላይ የምታሸንፈው በኃይሉ ከሆነ፣ ተመልካቹ ወሰኑንና ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አለበለዚያ ድሉ ማንም ያልደከመበት፣ ከሰማይ የወረደ መና ይሆናል። ኃይሉ የሚያሳድድ፣ የሚያስፈራ ወይም የሚያሳስት ብቻ ከሆነ ግን ሳይገለጽ ቢቀር ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም ፍርሃቱ የሚመጣው ካለመገለጹ ነው።

*ስንት ክፍል አለው?* አንድ የ100 ደቂቃ ፊልም ምስጢሩን ተሸክሞ ሊጨርስ ይችላል። በየሳምንቱ የሚወጣ የ12 ክፍል ድራማ ግን ተመልካቹ ሰባት ቀን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ይከርማል። ክፍሉ በበዛ ቁጥር “ታዲያ ያኔ ለምን አልተጠቀመችበትም?” የሚለው ጥያቄ ይበዛል።

*በምን ቋንቋ ይታያል?* ጅማ ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ቤት ውስጥ ይነገራሉ። በቃል የተነገረ ሕግ ሲተረጎም ይሸራረፋል፤ በምስል የታየ ሕግ ትርጉም አይፈልግም። በአንድ ተራኪ ድምፅ ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ፊልሞችን ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ፊልሙ ዝም ያለበትን ቦታ ተራኪው በራሱ ማብራሪያ ይሞላዋል።

*በጀታችሁ ስንት ነው?* እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲያወራ መቅረጽ ርካሽ ስለሆነ፣ ገንዘብ ያጠረው ቡድን ሳያስበው ወደ ረጅም ማብራሪያ ያዘነብላል። ፊልሙ ንግግር የሚበዛበት ደራሲው ስለመረጠ ሳይሆን ኪሱ ስላዘዘው ይሆናል።

*ኃይሉ ከሰው እምነት ጋር ምን ያህል ይቀራረባል?* መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ባሉበት ከተማ፣ ከጠበል፣ ከዱዓ ወይም ከቃልቻ ጋር የሚመሳሰል ኃይል ምንጩን ከተናገራችሁ ሃይማኖታዊ አቋም ወስዳችኋል ማለት ነው። ወሰኑንና ዋጋውን መናገር ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም።

ለማወዳደሪያ የሚሆን አንድ ታሪክ

አራቱን አማራጮች በአንድ ዓይነት ታሪክ ላይ ብንሞክራቸው ልዩነቱ ይወጣል። ሰሚራ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ጅማ አጠገብ ጅሬን አካባቢ ከአያቷ ጋር ትኖራለች እንበል። ቤቱ ውስጥ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለ። በላዩ የተቀመጠ ሰው ስለ እሱ የሚወራውን ሁሉ ከሩቅ ይሰማል። በተቀመጠ ቁጥር ግን ከሚወዳቸው ሰዎች የአንዱን ስም ይረሳል። ታሪኩ ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ፊልም ነው።

ምርጫ 1፦ ሙሉ ዝምታ

ሰሚራ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች። ድምፅ ትሰማለች። ደንግጣ ትነሣለች። አያቷ ከበሩ ላይ ሆኖ ያያታል፤ ምንም ሳይናገር በርጩማውን አንሥቶ ጓዳ ያስገባዋል።

ኃይለኛ ትዕይንት ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ለእኛ ተመልካች እንግዳም አይደለም። “ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” ብሎ የመለሰ ልጅ ጅቡ እንዴት አፍ አውጥቶ ተናገረ ብሎ አይጠይቅም። ግን ተረት በአንድ ምሽት ያልቃል። ተከታታይ ፊልም አያልቅም፤ ጭንቁም እዚያ ላይ ነው።

ከ2001 እስከ 2003 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጡት ሦስቱ የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ፊልሞች የዝምታን ጥቅምም ጉዳትም ያሳያሉ። ጠቢቡ ጋንዳልፍ ምን ምን እንደሚችል በዝርዝር አይነገርም፤ ይህም ግርማ ይሰጠዋል። በሌላ በኩል፣ ሦስተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ግዙፎቹ ንስሮች መጥተው ጀግኖቹን ክፉው ቀለበት ከጠፋበት እሳተ ገሞራ ያወጧቸዋል። የንስሮቹ ወሰን ስላልተነገረ “ለምን ከመጀመሪያው ቀለበቱን ይዘው አልበረሩም?” የሚለው የተመልካች ጥያቄ እስከ ዛሬ አልበረደም። ጋንዳልፍ ላይ የሠራው ዝምታ ንስሮቹ ላይ ያልሠራው፣ ንስሮቹ ችግር ፈቺ ሆነው ስለመጡ ነው።

የሰሚራ ታሪክም ሙሉ ዝምታን ከመረጠ በሁለተኛው ክፍል ይቸገራል። ጠላቷ ሲያሴርባት ተመልካቹ “ሂጂና ተቀመጪ እንጂ!” ይላታል። ለምን እንደማትቀመጥ ካላወቀ ሞኝ ትመስለዋለች።

ምርጫ 2፦ ወሰንና ዋጋ ይታያል፣ ምንጩ ይሸሸጋል

ያው ትዕይንት ነው። አያቷ በርጩማውን ወደ ጓዳ ከመውሰዱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይላታል፦

“እኔ ሦስቴ ተቀምጬበታለሁ። የእናትሽን ስም አሁን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።”

በርጩማውን ማን እንደጠረበው፣ እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ አልተነገረም። ዋጋው ግን ልብ ውስጥ ገባ፤ የገባውም በስሌት ሳይሆን በሐዘን ነው። ለአብዛኛው ቡድን የሚበጀው ይህ ምርጫ ስለሆነ አሠራሩን በዝርዝር እንየው።

በስክሪፕት አጻጻፍ 1 ገጽ በግምት 1 ደቂቃ ነው፤ 100 ገጽ የ100 ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል። ኃይሉ እስከ ገጽ 15 ባለው ጊዜ ያለ ምንም ቃል ሲሠራ ይታይ። ከገጽ 25 እስከ 30 ዋጋው ይከፈል። ከገጽ 50 እስከ 60 ባለው ውስጥ አንድ ጊዜ ሳይሠራ ይቅር፤ ወሰን የሚታወቀው ኃይሉ ሲከሽፍ ነውና። ለምሳሌ ሰዎቹ ሰሚራን በስሟ ሳይጠሩ “ያቺ ልጅ” እያሉ ሲያወሩ ምንም አትሰማም። ጠላቷ ይህን ካወቀ ሁለተኛው ክፍል ከዚሁ ይወለዳል። ከገጽ 75 በኋላ አዲስ ሕግ አታስገቡ። በመጀመሪያው ክፍል ከሦስት ሕግ በላይ አትጫኑ። እያንዳንዱ ሕግ ከመጨረሻው ፍልሚያ በፊት ቢያንስ ሁለቴ ይታይ፤ አንዴ የታየ ሕግ ያመልጣል፤ ተመልካቹ ያን ጊዜ ስልኩን እያየ ሊሆን ይችላል።

ዋጋው በንግግር ብቻ ከቀረ አይታመንም። ሰሚራ ቡና እያቀረበች ነው እንበል። ለጎረቤቷ ሲኒውን ትዘረጋለች፤ “እንኪ፣ እትዬ…” ትልና ትቆማለች። እጇ አየር ላይ ቀርቷል። ጎረቤቷ መጀመሪያ ፈገግ ትላለች፤ ቀጥላ ፈገግታዋ ይጠፋል። ከሲኒው ጭሱ ይወጣል። ካሜራው 4 ሰከንድ ያህል ሲኒው ላይ ይቆይ። ይህ ትዕይንት የኮምፒውተር ምስል አይፈልግም፤ ከአምስት ገጽ ማብራሪያ ግን የበለጠ ያስረዳል።

ኃይሉ ሲሠራም ብርሃንና ጭስ አያስፈልግም፤ ድምፅ ይበቃል። ሰሚራ ስትቀመጥ የውጩን ድምፅ በሙሉ፣ ዶሮውን፣ ባጃጁን፣ የልጆቹን ጫጫታ፣ በአርትዖት ላይ ቁረጡ። 2 ሰከንድ ፍጹም ጸጥታ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ከሩቅ የሚመጣው ወሬ ይግባ። ለዚህ የባዶውን ክፍል ድምፅ ቢያንስ 1 ደቂቃ ለብቻው ቅዱ፤ አለበለዚያ ጸጥታው የተበላሸ ፋይል ይመስላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ከሆነ ይህን ትዕይንት ሐምሌና ነሐሴ ላይ አታድርጉት። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ንግግሩን ይበላዋል፤ በኋላ በአርትዖትም አይነጻም።

በዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የቀለበቱ ኃይል የቀረበው በዚሁ መንገድ ነው። ያደረገው ሰው ይሰወራል፤ ለሚያሳድዱት ግን ይገለጣል። ይዞ የቆየውን ልቡን ይሰርቀዋል። የሚጠፋው በተሠራበት እሳት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በ2001ዱ የመጀመሪያ ፊልም ታውቆ ስላለቀ፣ ተከታዮቹ ሁለት ፊልሞች ሕግ ሲያስረዱ ጊዜ አላባከኑም።

በዚህ ምርጫ በብዛት የሚበላሸው ሕጉን መርሳት ነው። ሰሚራ በገጽ 28 የረሳችውን ስም በገጽ 64 በድንገት ትጠራዋለች፤ ደራሲው ሳያስተውል። መፍትሔው ባለ አራት ዓምድ ደብተር ነው፤ የትዕይንቱ ቁጥር፣ ኃይሉን የተጠቀመው ሰው፣ የከፈለው ዋጋ፣ ያንን ያየ ወይም ያወቀ ሰው። አራተኛው ዓምድ በብዛት ይዘለላል፤ ግን ያላየውን ነገር የሚያውቅ ገጸ ባሕሪ የሚፈጠረው እሱ ሲዘለል ነው።

ምርጫ 3፦ ሙሉ ሥርዓት

ሁሉም ይነገራል። በርጩማው ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ ስንት እንደዚህ ያሉ በርጩማዎች እንዳሉ፣ የትኛው ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንዴት እንደሚማረው። ተመልካቹ እንደ ጨዋታ ሕግ ያጠናዋል፤ ገጸ ባሕሪዋ በብልሃት ስታሸንፍ “እኔም ደርሼበት ነበር” ብሎ ይደሰታል።

ይህ የሚሠራው ማብራሪያው ታሪኩ ውስጥ ተፈጥሯዊ ቦታ ሲኖረው ነው። ከ2001 እስከ 2011 የወጡት ስምንቱ የሃሪ ፖተር ፊልሞች ታሪኩን የምትሃት ትምህርት ቤት ውስጥ በማድረጋቸው ተማሪው ይጠይቃል፣ መምህሩ ይመልሳል፤ ማንም የተጫነ ንግግር ነው አይልም። ከእናንተ ታሪክ ውስጥ ተማሪና መምህር፣ ወይም ሙያ ተማሪና ባለሙያ ከሌሉ ይህን አትሞክሩ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር “እንደምታውቀው…” እያሉ የሚነጋገሩ ሰዎች ትጽፋላችሁ።

ሌላው አደጋ እያንዳንዱ የተሰጠ መሣሪያ ተመልሶ መጠየቁ ነው። በ2004ቱ ሦስተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ ሁለት ነፍስ ያድናል። ከዚያ በኋላ ባሉት ፊልሞች ስንት ሰው ሲሞት ማንም አያነሣውም። ሥርዓት ከሠራችሁ እያንዳንዱን መሣሪያ በምን እንደምትዘጉት አብራችሁ ጻፉ፤ ይሰበራል፣ ዋጋው ይንራል ወይም ባለቤቱ ይሞታል። የመጨረሻው ፊልም ደግሞ ኃያሉ የምትሃት በትር ለምን ለሃሪ ጠላት እንዳልታዘዘለት በግልጽ የሚያስረዳው ፍልሚያው ካለቀ በኋላ ድልድይ ላይ ነው። ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። ተመልካቹ ድሉን ሲያይ ያላወቀውን በኋላ ቢነግሩት ልቡ አይመታም።

ለሦስት ክፍል ታሪክ ሙሉ ሥርዓት መገንባት ብቻውን ከ2 እስከ 3 ወር የጽሕፈት ሥራ ይወስዳል። ይህ ጊዜ ከሌላችሁ ምርጫ 2ን ያዙ።

ምርጫ 4፦ ዘግይቶ የሚመጣ ማብራሪያ

ይህን በግልጽ እንቃወማለን። መጀመሪያ ዝም ብሎ፣ ታሪኩ ከተወደደ በኋላ በሦስተኛው ክፍል ወይም ወደ ኋላ ተመልሶ በሚሠራ ክፍል ምንጩን መግለጥ ማለት ነው። ሰሚራን ብንወስድ፣ በሦስተኛው ክፍል አንድ ባለሙያ ከበርጩማው ፍቅፋቂ ወስዶ “እንጨቱ ውስጥ ልዩ ሕዋስ አለ፤ የሚሠራውም የዚህ ቤተሰብ ደም ላለበት ብቻ ነው” ይላል።

የታወቀው ምሳሌ ስታር ዋርስ ነው። በ1977ቱ ፊልም ሽማግሌው መምህር “ኃይሉ” ሕያዋን ሁሉ የሚፈጥሩት፣ ሁሉን የሚከብና የሚያስተሳስር ነገር እንደሆነ በጥቂት ቃላት ይናገራል። በ1980ው ፊልም ወጣቱ ጀግና ረግረግ ውስጥ የሰጠመች የጠፈር መርከቡን በዚሁ ኃይል ማንሣት ያቅተዋል፤ ትንሹ መምህሩ ያነሣታል፤ የወጣቱ ጉድለት አለማመኑ እንደሆነም ይነግረዋል። ወሰኑ የእምነትና የልምምድ ነው። በ1999ኙ ፊልም ግን ከአንድ ልጅ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ በሕዋሳት ውስጥ የሚኖሩ ሚዲክሎሪያን የተባሉ ጥቃቅን ነገሮች ቁጥራቸው ከ20,000 በላይ ሆኖ ይገኛል፤ ኃይሉም በዚያ ይለካል።

ብዙ ተመልካች ለምን ተቆጣ? ማብራሪያው ሳይንስ ስለመሰለ ብቻ አይመስለንም። ለሁሉም ክፍት የነበረው በር ስለተዘጋ ነው። እርግጥ የዘር ነገር በ1983ቱ ፊልም ላይም ብቅ ብሏል፤ ወጣቱ ኃይሉ በቤተሰባችን ብርቱ ነው ብሎ ለእኅቱ ይነግራታል። ያ ግን የቤተሰብ ወሬ ነበር። የ1999ኙ የላቦራቶሪ ውጤት ሆነ። መንገዱ ከጠፋ በኋላ መመለስም ከባድ ነው፤ በ2017ቱ ፊልም ዋናዋ ገጸ ባሕሪ የተራ ሰዎች ልጅ ናት ተብሎ ነበር፣ በ2019ኙ የክፉው ንጉሥ የልጅ ልጅ ሆና ተገኘች።

እኛ አገር ይህ ከፊልም ክርክርም በላይ ነው። አጥንት መቁጠር ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ “በደማቸው ያለ ነገር” እየተባሉ፣ ቡዳ ተብለው ሲገለሉ የኖሩበት አገር ነው። ኃይል በደም ይወረሳል የሚል ፊልም፣ ደራሲው ባያስበውም፣ ያንኑ አሮጌ ክስ ያስተጋባል። የሰሚራ በርጩማ የተቀመጠበትን ሁሉ የሚያሰማ ከሆነ ታሪኩ ስለ ምርጫ ነው። የቤተሰቧን ደም ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ስለ ዘር ነው። ይህን ልዩነት ሳትወስኑ ካሜራ አታብሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሃይላንደር ነው። በ1986ቱ ፊልም የማይሞቱ ሰዎች አሉ፤ የሚሞቱት አንገታቸው ሲቀላ ብቻ ነው፤ በተቀደሰ ቦታ አይዋጉም። ለምን እንደማይሞቱ አልተነገረም፤ ማንም አልጎደለበትም። በ1991ዱ ሁለተኛ ፊልም ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው ተባለ። ተቃውሞው በርትቶ፣ በኋላ እንደገና በተቆረጠው የፊልሙ ቅጂ ፕላኔቱ ወጥቶ ተጣለ። ዘግይቶ የመጣ ምንጭ ቀድሞ የተወደደውን ፊልም ጭምር ወደ ኋላ ተመልሶ ያበላሻል።

መናገር ካስፈለጋችሁ የተሻለ መንገድ አለ። ምንጩን የተለያዩ ሰዎች በየራሳቸው ይናገሩ፤ ቃላቸው ይለያይ። አያቷ ከአባቱ የሰማውን ይበል፣ ጎረቤቷ ሌላ ትበል፣ አናጢው “እኔ የማየው ጥሩ የዋንዛ እንጨት ነው” ይበል። ፊልሙ ለማንም አይፍረድ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | 1. ዝምታ | 2. ወሰንና ዋጋ | 3. ሙሉ ሥርዓት | 4. ዘግይቶ ማብራራት |
|---|---|---|---|---|
| ኃይሉ ችግር ሲፈታ | አይሆንም | በጣም ይሆናል | በጣም ይሆናል | ድሉን ያዳክማል |
| ኃይሉ ማስፈራሪያ ብቻ ሲሆን | በጣም ይሆናል | ይሆናል | ፍርሃቱን ይገድላል | ፍርሃቱን ይገድላል |
| የሚመቸው ርዝመት | 1 ፊልም | እስከ 3 ፊልም ወይም 12 ክፍል | ከ3 ፊልም በላይ | የለም |
| የማብራሪያ ንግግር በአንድ ፊልም | 0 ገጽ | እስከ 2 ገጽ | ከ6 እስከ 8 ገጽ፣ ተከፋፍሎ | ብዙ፣ በአንድ ቦታ |
| ለትርጉም | ቀላል | ቀላል | ከባድ | ከባድ |
| የጽሕፈት ጊዜ | አጭር | መካከለኛ | ረጅም | አጭር ይመስላል |
| ዋናው አደጋ | “ለምን አልተጠቀመችም?” | ሕግን መርሳት | ያልተዘጋ መሣሪያ | የቀደመውን ማፍረስ |

ለየፍላጎቱ

አንድ ቤት፣ አራት ተዋናይ፣ አንድ ካሜራ ያለው ቡድን ምርጫ 2ን በድምፅ ይሥራ። አስፈሪ አጭር ፊልም የሚያስብ ምርጫ 1ን ይያዝ፤ ግን ያ ኃይል መጨረሻ ላይ ማንንም አያድን። ለልጆች የሚሠራ፣ ወይም አኒሜሽን የሚስል ቡድን ምርጫ 3 ያዋጣዋል፤ ልጆች ሕግ መሸምደድ ይወዳሉ፣ ሲሳሳትም ፈጥነው ይይዛሉ። የመጀመሪያ ክፍሉን አውጥቶ የተወደደለትና አሁን ሁለተኛውን የሚጽፍ ቡድን “ተመልካቹ ምንጩን እየጠየቀ ነው” ብሎ አይደንግጥ። መጠየቁ ፍቅር ነው። በሁለተኛው ክፍል አዲስ ምንጭ ሳይሆን ከባድ ዋጋ ስጡት።

ከመቅረጽ በፊት የሚደረግ ፈተና

ታሪኩን የማያውቁ ስድስት ሰዎች ቡና ጠጡ ብላችሁ ጥሩ፤ ከነሱ ሁለቱ ከ50 ዓመት በላይ ይሁኑ። አቦል ላይ የመጀመሪያውን ክፍል በቃል ተርኩላቸው፤ ከ15 ደቂቃ አይብለጥ፤ ሲጠይቋችሁ አትመልሱ፣ ጻፉ ብቻ። ቶና ላይ ሌላ ወሬ ይወራ። በረካ ላይ ደግሞ እነሱ ታሪኩን መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ከስድስቱ አራቱ ዋጋውን ሳይጠየቁ ካነሡት ሕጉ ገብቷል። ኃይሉን አንሥተው ዋጋውን ከዘለሉት የዋጋውን ትዕይንት እንደገና ጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ስህተቱ ዋጋው በንግግር መነገሩ ነው። “በርጩማውን ማን ጠረበው?” ካሉ ጥያቄውን በደብተራችሁ ይዛችሁ ዝም በሉ፤ ለሁለተኛው ክፍል የሚመልሳቸው እሱ ነው። “ታዲያ ጠላቷ ሲመጣ ለምን አልተቀመጠችም?” ካሉ ግን የቀረጻ ቀኑን አራዝሙና ወደ ገጽ 50 ተመለሱ።